ለጎንደር ዳገትና ኩርባ፣ ስትነዳ ደስ የምትል ትንሽ መኪና የቷ ናት?

እኛ ጋ ስለ መኪና ወሬ ሲጀመር ቀድሞ የሚመጣው "ስትሸጥ ታወጣለች ወይ" የሚለው ነው፣ ቀጥሎ መለዋወጫ፣ ቀጥሎ ቤንዚን። አይፈረድም፣ የቤት ያህል ብር የሚወጣበት ነገር ነው። ግን መሪ ይዞ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው ሰውዬስ? እሱ ምን ይሰማዋል ብሎ የሚጠይቅ የለም። "ስትነዳት ደስ ትላለች?" የሚል ጥያቄ ከደላላም ከገዢም አፍ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚ ዛሬ ስለሱ ብቻ ነው የምጽፈው፣ በእኛ አቅም ከሚገኙት ትንንሽ መኪኖች ውስጥ ለሾፌሩ የምትመቸው፣ ኩርባ ስትገባ እሺ የምትል፣ ዳገት ላይ የማትለምን የቷ ናት፣ ያውም አዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ ሳይሆን እዚህ ጎንደር ላይ።

ጎንደር ላይ ያልኩት በምክንያት ነው። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሞ የሚስበው ውጪ ያለውን አየር ብቻ ስለሆነ ከፍታው በየ1000 ሜትሩ ሲጨምር ወደ 10 በመቶ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል። እዚህ ስንደርስ አንድ አምስተኛው ሄዷል ማለት ነው። ካታሎግ ላይ 83 የፈረስ ጉልበት የተባለችው መኪና ፒያሳ ላይ የምትሰጣችሁ 66 አካባቢ ነው። ደባርቅ ደሞ ከ2800 ሜትር በላይ ስለሆነ እዛ ሩቡ ጠፍቷል በሉት። ሞተሩ አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ተወትፎ ዳገት እንደሚሮጥ ሰው ነው የሚሆነው። ስለዚ ዩቲዩብ ላይ አንዱ ቆላ አገር ሆኖ "ይቺ መኪና ትበራለች" ሲል ያያችሁትን ቁጥር እንዳለ አምጥታችሁ ከወለቃ ወደ ኮሶዬ የሚወጣው ዳገት ላይ አትፈልጉት።

ታዲያ ያጣነውን ጉልበት ምን ይተካልናል ካላችሁ መልሱ ቅለት ነው። መኪናዋ ቀላል ከሆነች በትንሽ ጉልበትም ትወጣለች፣ ፍሬን ስትይዙ ቶሎ ትቆማለች፣ ኩርባ ላይ ወደ ውጪ አትጎትታችሁም፣ ጎማም ቶሎ አትበላም። ይሄ ሀሳብ አዲስ አይደለም። ቮልስዋገን በ1976 እ.ኤ.አ. ጎልፍ ጂቲአይ ብሎ ያወጣት የመጀመሪያዋ መኪና 110 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበራት፣ ክብደቷ ግን ወደ 810 ኪሎ ነው። ከዛ ወዲህ ሆት ሃች የሚባሉት ትንንሽ ፈጣን መኪኖች ሁሉ የሄዱት በሷ መንገድ ነው፣ ተራ የቤተሰብ መኪና ይወሰድና ጥሩ ሞተር ይገባባታል፣ እግሯ (ሞላና ሾኩ) ጠንከር ይደረጋል፣ ዋጋዋ ግን ሰው ሊደርስበት የሚችል ይሆናል።

አሁን ገበያውን እንየው። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ ቤንዚን የምትፈልጉ ሰዎች ምርጫችሁ ከዛ በፊት የገባው ብቻ ነው። ከሱም በፊት በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ ድሮ በርከት ብለው ይገቡ የነበሩት ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች እየቀነሱ መጥተዋል። ያለው ይሄ ነው፣ ዲኤክስ፣ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ዲዛየር፣ ስዊፍት፣ አሁን ደሞ የኤሌክትሪኮቹ።

በዲኤክስ ልጀምር፣ ምክንያቱም ጎንደር ውስጥ ስለ መንዳት ተወርቶ ዲኤክስ ካልተጠራች የሚቀየሙኝ ሰዎች አሉ፣ እኔም እራሴ እወዳታለሁ። የሰማንያዎቹ መጀመሪያ ኮሮላ ናት (በፈረንጅ ማለቴ ነው)፣ ሞተሩ ፊት ሆኖ የሚገፋት የኋላ ጎማ ነው። ይሄ ለሾፌር ትልቅ ነገር ነው፣ ፊት ጎማ ስራው ማዞር ብቻ ስለሆነ መሪው ንጹህ ነው፣ መንገዱ ላይ ያለችው ጠጠር እጃችሁ ላይ ትሰማለች፣ ነዳጅ ስትሰጡ ኋላዋ ይገፋል ፊቷ ይመራል። ጃፓኖች ዛሬ ድረስ የሚያብዱላት የ1983ቷ ኮሮላ ሌቪን፣ ኤኢ86 የሚሏት፣ ሌሎቹ ኮሮላዎች ወደ ፊት ጎማ ሲዞሩ የዲኤክስን የኋላ ጎማ አሰራር ይዛ የቀረችው ናት። ስለዚ ዲኤክሷን "አሮጌ ታክሲ" ብሎ የሚያልፋት ሰው አልገባውም።

ችግሯ ካርቡራተሩ ነው፣ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው። ኢንጀክሽን ያላት መኪና አየሩ ሲሳሳ በሴንሰር ታውቅና የቤንዚኑን መጠን ራሷ ትቀንሳለች፣ ካርቡራተር ግን ቆላ ላይ እንደተስተካከለ ነው የሚያፈሰው። አንድ ቀን አዘዞ አንድ ጋራዥ የጓደኛዬ ዲኤክስ ዳገት አልወጣ ብላ ሽማግሌው መካኒክ ካንዴላዋን ፈቱና በመዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩን፣ ጫፏ ድፍን ጥቁር ነው። "ጋሼ ዘይት እየበላች ነው እንዴ?" አልኳቸው። "ዘይት ቢሆን እርጥብ ይሆን ነበር፣ በጣትህ ንካው እስቲ" አሉኝ፣ ነካሁት፣ ደረቅ ጥላሸት ነው፣ ጣቴ ላይ እንደ ከሰል ዱቄት ቀረ። "አየሩ አንሷል ቤንዚኑ ግን እንደ ድሮው ነው የሚወርደው፣ ሳይቃጠል የቀረው ነው ይሄ" ብለው ካርቡራተሩን ከፍተው ቀዳዳዋን አሳነሱላት፣ አጸዱ፣ ገጠሙ። ያቺ መኪና ከዛ ስትወጣ የምታሰማው ድምጽ ራሱ ሌላ ነበር። ዲኤክስ ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ሞተር ላስወርድ ከማለታችሁ በፊት ካንዴላችሁን አውጥታችሁ እዩ።

ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ዲኤክስን በየቀኑ የምነዳት ብቸኛ መኪናዬ ትሁን ብዬ አልመክርም። ኤርባግ የለ፣ ኤቢኤስ የለ፣ ፍሬኗ የዘመኑ ነው። ለፍቅር ናት።

ቪትዝ... እሺ፣ ቪትዝን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። 1000 ሲሲዋ፣ ሶስት ሲሊንደሯ፣ ከተማ ውስጥ ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ አዘዞ ለመመላለስ ምንም አይወጣላትም። ቤንዚን አትጠይቅም፣ ባጃጅ መሀል ሾልካ ትወጣለች። ግን አራት ሰው ጭናችሁ ወደ ኮሶዬ ስትወጡ ሞተሩ ይጮሃል መኪናው አይሄድም፣ በተለይ ሲቪቲ ካምቢዮ (ቋሚ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ) ያላት ከሆነች ነዳጅ ስትረግጡ አርፒኤሙ (የሞተሩ ዙር) ሽቅብ ይሄድና እዛው ይቆማል፣ እግራችሁና ጎማው መሀል የሆነ ላስቲክ ያለ ይመስል ትዕዛዛችሁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ከፊታችሁ ሲኖትራክ እየተጎተተ ካለ ለማለፍ መወሰን ከባድ ነው፣ ክፍት መንገዱ እስክትደርሱበት ያልቃል።

ከቪትዞች ውስጥ አርኤስ የምትባለው ግን ሌላ ፍጡር ናት። 1500 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ በሁለተኛው ትውልድ 110 አካባቢ የፈረስ ጉልበት፣ አምስት ማርሽ ማኑዋል ያላት ከተገኘች ደሞ እሰየው። ክብደቷ ከአንድ ቶን እምብዛም አይበልጥም። እዚህ ከፍታ ላይ እንኳን 85 አካባቢ ጉልበት ይቀርላታል ማለት ነው፣ ይሄ ደሞ 1000 ሲሲዋ ቪትዝ ባህር ጠረፍ ላይ ካላት ይበልጣል። እግሯ ጠንካራ ነው፣ ኩርባ ላይ አትተኛም። ግን ጥንቃቄ፣ ኋላዋ ላይ አርኤስ የሚል ጽሁፍ መለጠፍ ማንም ይችላል። ሊብሬውን እዩ፣ የሁለተኛው ትውልድ እውነተኛዋ አርኤስ የሻንሲ ቁጥሯ በኤንሲፒ 91 ነው የሚጀምረው፣ ኬኤስፒ 90 የሚል ካያችሁ 1000 ሲሲዋ ናት፣ የተለጠፈው ጽሁፍ ጉልበት አይጨምርም።

አንድ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች ቪትዝ ላይ ፈጽሞ አልለመድኩትም፣ ያ የፍጥነት መለኪያ ዳሽቦርዱ መሀል ላይ መቀመጡ። ፍጥነታችሁን ለማየት አይናችሁ ከመንገዱ ወደ ጎን ይሄዳል። ቀጥ ባለ መንገድ ምንም አይደል፣ ፍየልና አህያ ድንገት በሚገባበት የደንቢያ መንገድ ላይ ግን ያቺ ሽርፍራፊ ሰከንድ ትቆጫለች። ለተሳፋሪው ነው እንዴ ያደረጉት እላለሁ ሁሌ።

ዲዛየር ላይ ሰው ንቀት አለው፣ የራይድ መኪና ናት እያለ። እኔ ግን ማኑዋሏን ነድታችሁ እዩዋት ነው የምለው። የ2017ቱ (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ሲመጣ ሱዙኪ ገላዋን በጣም አቅልሎ ነው የሰራት፣ 900 ኪሎ አካባቢ ናት፣ የኋላ ዕቃ መጫኛዋን ጨምሮ ከአንዳንድ ሀችባክ ትቀላለች። ሞተሯ 1200 ሲሲ፣ 83 የፈረስ ጉልበት፣ አራት ሲሊንደር ስለሆነ አርፒኤም ስትሰጡት ሳያንቀጠቅጥ ይወጣል። ፍሪሲዮኗ ለስላሳ፣ ማርሿ ቁልጭ ያለ፣ ከሁለት ወደ ሶስት በሁለት ጣት ይገባል። ከመሬት ያላት ከፍታ 163 ሚሊሜትር ነው፣ ለህንድ መንገድ ታስባ የተሰራች ስለሆነ ኮብልስቶኑም ጉድጓዱም አያስደነግጣትም። ደካማ ጎኗ እግሯ ለምቾት መሰራቱ ነው፣ ኩርባ ላይ ትጋደማለች፣ ዝቅተኛው ሞዴል ላይ ያለችው 165 ጎማ ደሞ ቀጭን ናት፣ ቶሎ ትጮሃለች። 185 ያላትን ብታገኙ ልዩነቱ ይሰማችኋል። አውቶማቲክ ተብሎ የሚሸጠው ካምቢዮዋ ማኑዋሉ ራሱ ነው፣ ማሽን ፍሪሲዮኑን የሚረግጥለት፣ ማርሽ ሲቀይር ወደ ፊት ንቅንቅ ያደርጋችኋል፣ ዳገት ላይ ደሞ ልክ በማይፈለግበት ሰዓት ነው የሚቀይረው። ያላችሁ ካላችሁ ዳገት ላይ በእጅ መቀየሪያው ላይ አድርጉት፣ ይሻላል።

የኔ ምርጫ ግን ስዊፍት ናት። ጸሀፊው ለማንም ሳያዳላ ምናምን አልልም፣ አዳላለሁ። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣችው ስዊፍት፣ 1500 ሲሲዋ ማኑዋል ብትሆን ይበልጥ፣ በዚህ ዋጋ ደረጃ ካሉት ሁሉ ለሾፌር ተብላ የተሰራችው እሷ ናት። ጎማዎቿ አራቱም ማዕዘን ጥግ ላይ ናቸው፣ ወንበሩ ዝቅ ብሎ ጎንና ጎን ይይዛችኋል፣ መለኪያው መሪው ፊት ለፊት ነው፣ መሪው ላይ ክብደት አለ። ከዲዛየር ትንሽ ትከብዳለች ግን ገላዋ ጠንካራ ነው፣ ያ ጥንካሬ ኩርባ ላይ በግልጽ ይሰማል።

ሊማሊሞን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ጣሊያን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ገደሉን ጠርቦ ያወጣው መንገድ ነው፣ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል። መንገዱ ክፍት ሆኖ የምሄድበት እድል ሳገኝ ሽቅብ የሚመለሰውን ነው የምወደው። የተጣጠፈች ኩርባ ስትመጣ ፍሬን ይዛችሁ ከሶስት ወደ ሁለት ታወርዳላችሁ፣ መሪውን ታስገባላችሁ፣ ስዊፍቷ አፍንጫዋን ወደ ውስጥ ትሰጣለች፣ ኋላዋ ተከትሎ ይመጣል እንጂ አይንገላታም፣ ኩርባው ግማሽ ላይ ነዳጅ መስጠት ስትጀምሩ ሞተሩ 4000 አካባቢ ላይ ነው፣ ጉልበቱ እዛ ነው ያለው፣ ትስባለች። እዛው ኩርባ ላይ ትንሿ ቪትዝ ወደ አንደኛ ልውረድ ወይስ በሁለተኛ ልታገል እያለች ናት። የማኑዋል ጥቅም እዚህ ጋ ነው፣ ማርሹን የምትመርጡት መጪውን ኩርባ አይታችሁ ነው፣ አውቶማቲኩ ግን ኩርባውን አያይም፣ እግራችሁን ብቻ ነው የሚያውቀው።

የ1.6 ስዊፍት ስፖርት (125 የፈረስ ጉልበት) ካጋጠማችሁ አትለፏት። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለችው ስፖርት ደሞ 1.4 ቱርቦ ናት፣ 140 የፈረስ ጉልበት፣ ለጃፓን ገበያ የተሰራችው ማኑዋል 970 ኪሎ። ቱርቦ ስስ የሆነውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው እንደ ሌሎቹ አይጎዳትም፣ ለእኛ ተራራ በወረቀት ላይ ከሷ የተሻለ ትንሽ መኪና አላውቅም። ብቻ ቱርቦ ያለው ሞተር ዘይት ላይ ቀልድ አያውቅም፣ ጊዜው ሲደርስ ጥሩ ዘይት መቀየር ግድ ነው፣ ከረጅም ዳገት በኋላም ወዲያው ከማጥፋት ትንሽ አስነስቶ ማቆየት ጥሩ ነው።

ስለ ቁልቁለት ካላወራሁ ግማሹን ነው የጻፍኩት። ሰው ስፖርት ሲባል መፍጠን ብቻ ይመስለዋል፣ እዚህ አገር ግን መኪናን የሚለየው መውረዱ ነው። የፍሬናችን ማገዣ የሚሰራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው፣ ከፍታ ላይ ያ ግፊት ራሱ ስለሚቀንስ ፔዳሉ ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ብዙ ሰው "ፍሬኔ ተበላሸ" ብሎ ይደነግጣል። ዋናው ጠላት ግን ሙቀት ነው። ፍሬን ረግጦ ሙሉውን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ሸራውን ያቃጥለዋል፣ ሽታው ከኋላ ላለ መኪና ይደርሳል፣ የፍሬን ዘይቱ ደሞ አሮጌ ከሆነ ውሀ ስቦ ስለሚቆይ ቶሎ ይፈላል፣ ያኔ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሄዳል። በየሁለት አመቱ ቀይሩት፣ ከጎማ ጋር ሲነጻጸር ምንም ዋጋ የለውም። በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ ይሉ የነበሩት የድሮ ሾፌሮች ልክ ናቸው፣ ሁለተኛ ላይ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፣ ፍሬኑ ለኩርባው መግቢያ ብቻ ይቀራል። ሲቪቲ ያላችሁ ዲ ላይ ትታችሁ አትውረዱ፣ ኤል ወይ ቢ ወይ ኤስ የሚል ካለ እሱ ላይ አድርጉ።

የኤሌክትሪኮቹ ነገር፣ ብዙ የቤንዚን ወዳጆች ማውራት አይፈልጉም ግን መነሳት አለበት። ለምሳሌ የቢዋይዲ ሲጋል፣ 75 የፈረስ ጉልበት ናት፣ በወረቀት ከዲዛየር ታንሳለች፣ ክብደቷም ከ1100 ኪሎ በላይ ነው። ግን ሞተሩ አየር አይተነፍስም! እዚህም ደባርቅም ያው 75 ነው፣ ቶርኩ (ጎማውን የሚያዞረው ኃይል) ደሞ 135 ኒውተን ሜትር ከዜሮ ጀምሮ ይገኛል። ከመብራት ስትነሳ፣ ከአራዳ ወደ ላይ ባለው ዳገት ላይ፣ ከሁሉም ቀድማ ትሄዳለች፣ ቁልቁለት ላይ ደሞ እግራችሁን ስታነሱ ባትሪውን እየሞላች ራሷን ትይዛለች። ለከተማ ሾፌር ይሄ እውነተኛ ደስታ ነው። የማይመቸኝ መሪው ነው፣ ቀላል ነው ግን ዝም ይላል፣ ጎማው ምን እያደረገ እንደሆነ አይነግራችሁም። ርቀቱም በትንሿ ባትሪ 305 ኪሎሜትር የሚባለው በቻይና መለኪያ ነው፣ ዳገት ሲኖር ያንሳል፣ ባህር ዳር ከጎንደር 180 ኪሎሜትር ገደማ ስለሆነ ሳይሞሉ ደርሶ መልስ አይታሰብም። ቤታችሁ ቻርጅ የምታደርጉበት ካለ፣ መንገዳችሁም ከተማ ከሆነ ግን አትፍሯት።

ልጆቹን የምለምናቸው ነገር አለ። ሞላ አትቁረጡ። ዝቅ ያለች መኪና ፎቶ ላይ ታምራለች፣ ግን የተቆረጠ ሞላ ቦታው ላይ በደንብ አይቀመጥም፣ ሾክ አብዞርበሩ ላልተሰራበት ቁመት ይሰራል፣ ኮብልስቶን ላይ ጎማው ይዘልላል፣ የሚዘል ጎማ ደሞ መንገድ አልያዘም። ማርሚታ መቅደድም ያው ነው፣ ጩኸት ነው የሚጨምረው፣ ቁስቋም ሰፈር ያሉ እናቶችን ከእንቅልፍ መቀስቀስ ነው። ያንን ብር ጎማ ላይ አውሉት። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሁፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፣ 3219 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 32ኛው ሳምንት ላይ የተሰራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ ዝናብ ላይ አይይዝም፣ ሐምሌ ላይ ከፋሲል ግቢ ወደ ታች ስትወርዱ ትቀምሱታላችሁ።

መኪና ለመግዛት ልታዩ ስትሄዱ ባለቤቱ ወይ ደላላው የአዘዞን አስፋልት ነው የሚያስነዳችሁ፣ ሰፊ ነው ቀጥ ያለ ነው፣ እዛ ላይ ሁሉም መኪና ጥሩ ነው። እሺ አትበሉ። በወለቃ በኩል አውጡት፣ ሰው ጭናችሁ፣ ዳገቱ ላይ ከሶስት ወደ ሁለት አውርዱና ሙሉ ነዳጅ ስጡት፣ አርፒኤሙ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ተበልቷል። መስታወቱን ዝቅ አድርጉና ኩርባ ላይ ከጎማው አካባቢ ትክ ትክ የሚል ድምጽ ካለ አዳምጡ፣ ፊት ጎማ የሚነዳት መኪና ላይ የአክስል ጆይንት ነው። ስትመለሱ ደሞ በሁለተኛ ማርሽ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንስታችሁ ረጅም ውረዱና ታች ስትደርሱ ነዳጅ ስትሰጡ በስፖኪዮ ኋላውን እዩ፣ ሰማያዊ ጭስ ካወጣች ዘይት እያለፈች ነው፣ ዋጋውን እንደገና አውሩ ወይም ቁልፉን መልሱ።